በካራማራ መንገድ ላይ ቱብለስ ወይስ የውስጥ ጎማ?

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በኮርስ ብስክሌት ለሚጓዝ ሰው አስፋልቱ ብዙም ጠላት አይደለም። ፈተናው ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ባቢሌን አልፎ፣ በድንጋይ ዓምዶቹ ሸለቆ በኩል ካራማራን እስኪሻገር ድረስ ከኋላው የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ዳር መያዙ አይቀርም፤ ዳር ላይ ደግሞ የግራር እሾህ አለ። በሰሜን፣ በሲቲ ዞን ቆላ፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ ይጨመርበታል። እዚህ አካባቢ ጎማ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው ስለ እሾህ ነው፤ ስለ ክብደትና ፍጥነት በኋላ ይደርሳል።

በውስጥ ጎማ የሚሠራው ዓይነት ደንሎፕ በ1888 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጎማ የወረደ ነው። አየሩን የሚይዘው ቀጭኑ የውስጥ ላስቲክ ስለሆነ አንድ እሾህ ይበቃዋል። ጉድጓድ ውስጥ በኃይል ከተገባም ቸርኬው ላስቲኩን ቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣበታል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ጥገናው ነው፤ የባጃጅ ጎማ የሚሠራ ጎሚስታ ሁሉ ያውቀዋል። ላስቲኩን ነፍቶ የውሃ ሳፋ ውስጥ ይነክረዋል፣ አረፋ የወጣበትን ምልክት ያደርጋል፣ አድርቆ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ማስቲሽ ይቀባል። ልጥፉ የሚያርፈው ማስቲሹ ከጣት ላይ መጣበቅ ሲተው ነው። የሚቸኩል ሰው እርጥቡ ላይ ይለጥፍና ሃያ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ይላቀቅበታል።

ቱብለስ ለኮርስ ብስክሌት የመጣው በቅርቡ ነው፤ ሺማኖና ሃቺንሰን ያስተዋወቁት በ2006 እ.ኤ.አ. ነበር። ጎማው ራሱ ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ አየር ይይዛል፤ ውስጡ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ላስቲክ ይጨመራል። እሾህ ሲገባ አየሩ ፈሳሹን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፣ እዚያው ይረጋና ይደፍነዋል። ጋላቢው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ማታ ጎማው ላይ ነጭ ነጥብ ሲያይ ነው። በዝቅተኛ አየር ስለሚሠራም ኮረኮንች ላይ ይመቻል። ሰፊ ቅዳድ ግን አይደፍንም፤ አየሩ በጣም ከበዛም ፈሳሹ ሳይረጋ ተረጭቶ ይወጣል።

ችግሩ አቅርቦቱ ላይ ነው። ፈሳሹ በጥቂት ወራት ይደርቃል፣ በቆላ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ጎማውን ቸርኬው ላይ ለማስቀመጥ ድንገተኛ ብዙ አየር ያስፈልጋል፤ የእጅ መንፊያ ብዙ ጊዜ አይበቃም። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ይበቃል፤ አፉ ግን ለመኪና ቫልቭ የተሠራ ስለሆነ ለቀጭኑ የኮርስ ቫልቭ ትንሿን የነሐስ ማገናኛ ይዞ መሄድ ግድ ነው።

ስለዚህ ፈሳሹን ሳያቋርጥ ማስመጣት የሚችል፣ ቸርኬውም ጎማውም ለቱብለስ የተሠሩለት ሰው ያለ ማመንታት ቱብለስ ይግጠም እላለሁ። ይህ ለማይሞላለት የጅግጅጋ ወጣት ግን 28 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው፣ እሾህ መከላከያ ሽፋን ያለበት ጎማ ከሁለት ትርፍ የውስጥ ላስቲክ ጋር ይሻለዋል፤ ፈሳሹ የደረቀ ቱብለስ ከሁሉም የከፋ ነው።

ባለ ቱብለሱም አንድ የውስጥ ላስቲክ ከቦርሳው አይለይ። መንገድ ላይ እሱን ማስገባት ከተገደደ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይፈትሽ፤ ፈሳሹ በየጊዜው የደፈናቸው እሾሆች እዚያው ተሰክተው ስለሚቆዩ አንድ በአንድ ካልተነቀሉ አዲሱን ላስቲክ ወዲያው ይበሱታል።