በሕመም የተያዘ የሞተር መንጃ ፈቃድ፦ ተረቱና እውነታው

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሞተር የእንጀራ ነገር ነው። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ርቆ ለሚኖር፣ ዕቃ ለሚያደርስ፣ ማታ ከፋብሪካ ለሚወጣ ሠራተኛ ያለ ሞተር መንገዱ አያልቅም። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ በኋላም ኑሮው ያው ነው። ስለዚህ አንድ ሞተረኛ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ወይም ለእድሳት ሄዶ የዓይን ምርመራውን ሳያልፍ ሲቀር ከመንጃ ፈቃዱ ጋር የቤቱ አስቤዛም ይነካል። ምክር ያን ጊዜ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ከጋራዥ፣ ከሻይ ቤት፣ ከደላላ። ብዙው ምክር ግን ፈቃዱን ያርቀዋል እንጂ አያቀርበውም።

ተረት 1፦ «በሕመም የተወሰደ መንጃ ፈቃድ አይመለስም»

እውነታ፦ በጥፋት መቀጣትና በጤና ምክንያት ከመንዳት መታገድ ለየቅል ናቸው። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በጤናው ብቁ እንዲሆን ይጠይቃል። በጤና ጉድለት የሚታጣ ፈቃድ የሚታጣው ይህ መስፈርት ስላልተሟላ ነው፤ መስፈርቱ እንደገና ሲሟላ ጥያቄውን ይዞ መቅረብ ይቻላል።

ግልጹ ምሳሌ የዓይን ሞራ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ካሉት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በሞራ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ዛሬ ከፊቱ ያለውን ታርጋ ማንበብ ያቃተው ሞተረኛ ሞራው ወጥቶለት፣ ቁስሉ ድኖና መነጽሩ ተስተካክሎለት በድጋሚ ሲለካ ሌላ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። እዚህ ላይ ወሳኙ አሁን የሚያየው እንጂ አምና የተጻፈበት ወረቀት አይደለም።

በሚጥል በሽታም ቢሆን በሩ አይዘጋም። በብሪታንያ ሞተርና የቤት መኪና በአንድ ምድብ ይታያሉ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለ12 ወራት ካልጣለው እንደገና ሊፈቀድለት ይችላል። የአውቶቡስና የከባድ መኪና ሹፌር ግን ያለ መድኃኒት 10 ዓመት ሳይጥለው መቆየት አለበት። በጃፓን መነሻው 2 ዓመት ነው። አገራት በቁጥሩ ይለያዩ እንጂ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሕመሙ በቁጥጥር ሥር ነው ወይ?

ተረት 2፦ «ዝም ብዬ ዓመት ከቆየሁ ጊዜው ራሱ ይመልስልኛል»

እውነታ፦ የሚቆጠረው የተመዘገበ ጊዜ ነው። ከክትትል የቀረ ሰው ዓመት ሙሉ ባይጥለውም ይህን የሚመሰክርለት ሰነድ የለውም። ሐኪም ለፈቃድ ሰጪው የሚጽፈው በሕክምና ካርዱ ላይ ያየውን ነው፤ ቀጠሮው መቼ ነበር፣ መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ ስንት ሚሊግራም ይወስዳል፣ ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ስንት ጊዜ ጣለው። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በየቀጠሮው «አንዴም» ተብሎ ሲሞላ ካርዱ ለባለቤቱ ጠበቃ ይሆናል።

ችግሩ ብዙ ሞተረኛ ፈቃዴን ያስቀማኛል ብሎ የጣለውን ቀን ለሐኪሙ መደበቁ ነው። ሐኪሙ ካልሰማ መጠኑን አያስተካክልም፤ መጠኑ ካልተስተካከለ ሕመሙ እንደገና ይጥላል፤ በጣለ ቁጥር ደግሞ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ተረት 3፦ «የጭንቅላት ምርመራዬ ንጹህ ነው፤ ስለዚህ ድኛለሁ»

እውነታ፦ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያነበው ምርመራ በተነሳበት ሰዓት ያለውን ብቻ ያሳያል። አንድ ጊዜ ንጹህ መሆኑ የሚጥል በሽታ የለም ማለት አይደለም። ሐኪሙ ከሁሉ በላይ የሚመዝነው የሕመሙን ታሪክ ነው፤ በተለይም ሲወድቅ አጠገቡ የነበረ ሰው የሚናገረውን። ስለዚህ ሚስት፣ ወንድም ወይም ባልደረባ ወደ ቀጠሮው አብረው ቢሄዱ ይጠቅማል።

«ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒትን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ለሚያቆም ሰው እንኳ የብሪታንያው መመሪያ በማቋረጫው ወቅትና ከዚያ በኋላ ለ6 ወራት እንዳይነዳ ይመክራል።

ተረት 4፦ «የሚጥል በሽታ የመንፈስ ነው፤ መድኃኒት አይነካውም»

እውነታ፦ የአንጎል ሕመም ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ሕመሙ እንዳለበት ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙት እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታልን የመሰለ ቆየት ያለና ርካሽ መድኃኒትም ብዙዎችን ረድቷል።

ከሱሉልታ በላይ እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚመላለስ ሰው እምነቱን መተው አይጠበቅበትም፤ መድኃኒቱን ግን ይዞ ይሂድ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለዚህኛውም ሕመም መንገዱ ይኸው ነው።

ሰው ጥሎት ሲወድቅ ክብሪት ማሽተት ደግሞ ምንም አይፈይድም። የወደቀውን ሰው ከመንገድ ማራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለመክተት ይበቃል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ወድቆ ከተጎዳ ወደ ሆስፒታል ነው።

ተረት 5፦ «ስኳር ያለበት ሰው ሞተር መንዳት ክልክል ነው»

እውነታ፦ አስጊው የስኳር በሽታ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ላይ የስኳር መጠን በድንገት መውረዱ ነው። በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥና የዓይን ብዥታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ራስን መሳት። ይህ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስዱትን ይመለከታል። ጠዋት ኢንሱሊኑን ተወግቶ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም፣ ወይም በረመዳን እስከ አፍጥር ሳይቀምስ የሚነዳ ሰው አደጋውን ራሱ ይጠራል። መጠኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ከሐኪም ጋር ማስተካከል፣ ከመነሳት በፊትና በረጅም መንገድ በየ2 ሰዓቱ መለካት፣ ኪስ ውስጥ ከረሜላ መያዝ ያስፈልጋል። የልኬት መዝገቡም ለፈቃድ ጥያቄው ማስረጃ ይሆናል።

ተረት 6፦ «ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ችግር የለውም»

እውነታ፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በ1 ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለ10 ሴኮንድ ብቻ ራሱን የሳተ ሰው 140 ሜትር ማንም ሳይነዳው ሄደ ማለት ነው፤ በቡራዩ አሸዋ ሜዳ ሰው በሚተራመስበት ሰዓት ይህን ማሰብ ነው። መኪና ቢያንስ በአራት ጎማ ይቆማል፤ ሞተር ያለ ነጂው ሚዛን አይቆምም። ሕጉም ውስጥ ለውስጥ ብሎ አይለይም። ያለ ጸና መንጃ ፈቃድ ሰው የገጨ ሞተረኛ ከወንጀል ተጠያቂነቱ በላይ ከመድን ድርጅቱ ጋርም ጣጣ ይገባል።

ተረት 7፦ «ሜዲካሉን ደላላ ያሠራልኛል»

እውነታ፦ ሳይመረመሩ የተገዛ ወረቀት ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። የጤና ጥያቄ የነበረው ጉዳይ ያኔ የፖሊስ ጉዳይ ይሆናል። ወረቀቱ መውደቅንም አያስቀርም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ፈቃዱ የተያዘበትን ምክንያት በጽሑፍ ማግኘት ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደሚኬድ አይታወቅም። ከዚያ ክትትልን በአንድ የሕክምና ተቋም ማድረግ፤ ለዓይን ዳግማዊ ምኒልክ፣ ለሚጥል በሽታ ጥቁር አንበሳ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል ሪፈር ሊባል ይችላል። እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ የሚጥል በሽታን ስለሚቀሰቅሱ የሌሊት ሥራን መቀነስ። እስከዚያው ሞተሩን ለቤተሰብ ወይም ለሌላ ሞተረኛ በውል መስጠት ገቢው ጨርሶ እንዳይቋረጥ ይረዳል።

ጊዜው ሲደርስ ለፈቃድ ሰጪው የሚቀርበው ደብዳቤ «ጤነኛ ነው» ብቻ ካለ ደካማ ነው። የሕመሙን ስም፣ የሕክምናውን ዓይነት፣ መጨረሻ የጣለውን ቀን፣ ሐኪሙም ሞተር ለመንዳት ብቁ ነው ማለቱን በግልጽ ይያዝ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው ሁሉ ነገር የተነገረው ሐኪም ብቻ ነው።