ራዲዮ ሲናገር ሲውል

አንባቢ ሆይ! ስልክዎን ለጥቂት ደቂቃ ኪስዎ ውስጥ ይክተቱና ወደ አራዳ አብረን እንውጣ። የምንወጣው ግን ወደ ዛሬው አራዳ አይደለም። ከአሮጌዎቹ የፒያሳ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ስለ ፈረሱ፣ የምንፈልገውን በራፍ ዛሬ አናገኘውም። የምንወጣው ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ወደ ነበረው አራዳ ነው፤ ይኸውም በአንድ ቤት የተከፈተ ራዲዮ ለመንደሩ ሁሉ ይበቃ ወደ ነበረበት ዘመን ነው።

በዚያን ጊዜ ራዲዮ ከቤት ዕቃ ሁሉ የከበረ ነበረ። ዳንቴል ለብሶ ልጆች የማይደርሱበት ከፍታ ላይ ይቀመጣል፤ ቁልፉን የሚያዞረውም አባወራው ነው። ራዲዮ የሌለው ሰው ከቡና ቤት በራፍ፣ ከልብስ ሰፊው መኪና አጠገብ፣ ከሸቀጥ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ያዳምጣል። በባትሪ የሚሠራው ትራንዚስተር ሲበዛ ነው ነገሩ እየቀለለ የሄደው። እስከዚያ ድረስ ግን ሰሚው ብዙ፣ ቁልፍ አዟሪው አንድ ነበረ። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከጧቱ 1 ሰዓት ሲሆን ዜና ይጀመራል። ወደ ማዘጋጃ ቤት ወይም ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሚጣደፈው ጸሐፊ የእጅ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዚህ ነው። እርስዎ ዛሬ ደብዳቤ ሲያረቅቁ «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «አሳሰቡ» የሚሉት ቃላት ያለ ድካም ከብዕርዎ የሚወርዱት ከየት የመጡ ይመስልዎታል? በኔ ግምት ከጧቱ ዜና ነው። አያትዎ ሻይ ሲጠጡ በጆሯቸው ሲንቆረቆር የኖረው ቋንቋ ወደ መዝገብ ቤት ገብቶ እስከ ዛሬ አልወጣም። ማማሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ራዲዮ በሀገራችን ሥራውን የጀመረው ለጨዋታ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ የፋሺስት ጦር ድንበራችንን ሊጥስ ሲቃረብ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂው ጣቢያ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር አሰምተዋል። ጠላት ዋና ከተማይቱን ሲይዝ ያ ጣቢያ ፈርሶ ቆየው፤ ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ የኢትዮጵያ ራዲዮም አብሮ ተመለሰ።

ዘፈኑ በዚያን ጊዜ ከሸክላ ወይም ከክር ብቻ የሚወጣ አይምሰልዎ። ዘፋኞቹና ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ወደ ጣቢያው ሄደው ማይክሮፎን ፊት ቆመው ይጫወቱ ነበረ፤ የተሳሳተ ድምፅ ከወጣ ወጣ ነው፣ ተመልሶ አይታረምም። ለአራዳ ሰው ደግሞ ይህ ነገር ልዩ ጣዕም ነበረው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቴአትር ቤቱ እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠም የመድረክን ሥራ የጀመረው በዚሁ ቤት ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ጧት በመንገድ ላይ ሰላም ያለውን ዘፋኝ ማታ በራዲዮ ሲሰማ «ይኸ የኛው ነው» ማለቱ አያስደንቅም።

አሁን ወደ ማስታወቂያው እንምጣ። የዛሬ ወጣት ማስታወቂያ ሲባል የሚታየው ሳሙናና ቢራ ነው። በዚያን ዘመን ግን ማስታወቂያ ሲነበብ ቤቱ ጸጥ የሚለው ስለ መርዶው ነበረ። የሟቹ ስም ይጠራል፤ ከዚያም የልጆቹ፣ የወንድሞቹ፣ የእኅቶቹ ስም ከነሚኖሩበት ሀገር ይዘረዘራል፤ ቀብሩ የሚፈጸምበት ቤተ ክርስቲያንና ሰዓትም ይነገራል። ስልክ በየቤቱ በሌለበት፣ ደብዳቤም ሳምንታት በሚፈጅበት ሀገር፣ ከጎንደር ወይም ከሐረር ያለው ዘመድ ማረፉን በአራዳ ላለው ወገን የሚያደርስለት ከዚህ የፈጠነ መልእክተኛ አልነበረም።

ነገር ግን የኛ ሰው መርዶን እንዲህ አያረዳም። በወጉ ከሆነ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ቤቱን አንኳኩተው፣ ሰውየውን ደግፈው ይነግሩታል። ራዲዮ ይህን ወግ አያውቅም። ሰውየው ብቻውን ቆሞ ጢሙን ሲላጭ የእናቱን ስም ሊጠራበት ይችላል። ስለዚህ ብልህ ጎረቤት ማስታወቂያውን አስቀድሞ የሰማ እንደ ሆነ፣ በሩጫ ሄዶ የዚያን ቤት ራዲዮ በዘዴ ያስዘጋ ነበር። ማስታወቂያው እንዳለቀ ደግሞ ዘፈን ይለቀቃል፤ ለአንዱ ቤት ለቅሶ፣ ለሌላው ቤት ጨዋታ፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ደቂቃ።

ቀትር ላይ፣ በ7 ሰዓት፣ ሁለተኛው ዜና ይደርሳል። የመንግሥት ሠራተኛ ምሳውን የሚበላው ይህን እየሰማ ነው። ታላላቅ ነገሮችም በራዲዮ ነው የተሰሙት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ የመንግሥት ለውጥ መደረጉን የሚያስታውቀው መግለጫ በአልጋ ወራሹ ድምፅ ተሰማ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ያው ጣቢያ ተመልሶ የንጉሠ ነገሥቱ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሡ ከዙፋን መውረድ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ሲወጣ፣ አነስተኛው የቤት ኪራይም እንዲቀንስ ተደነገገ። በውቤ በረሃ ወይም በሠራተኛ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ በወር ደሞዝ የሚኖረው ጸሐፊና አከራዩ አንዱን ዜና ከአንድ ራዲዮ ሲሰሙ፣ የሁለቱ ፊት ምን ይመስል እንደ ነበረ እርስዎ ያስቡት። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ የኮሎኔል መንግሥቱ ከሀገር መውጣት በዚሁ ራዲዮ ታወጀ።

እንግዲህ የአራዳ ሰው ራዲዮን ይሰማ ነበር ስንል ያምነው ነበር ማለታችን አይደለም። አንዱ ጣቢያ የመንግሥት አፍ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። የኮሎኙ ዶይቼ ቬለ በ1957 ዓ.ም. በአማርኛ መናገር ሲጀምር፣ የአሜሪካ ድምፅም ወደ 1975 ዓ.ም. ገደማ ሲከተል፣ ሌሊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መስኮቱን ዘግቶ ማዳመጥ የብዙ ቤት ልማድ ሆነ። ቀን የተነገረውን ማታ ከሌላው ጋር ማስተያየት ከትምህርት ቤት የማይገኝ ትምህርት ነበረ።

ምሽቱን ግን ለመጽሐፍ እንተውለት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ለመግዛት አቅም የሌለው፣ ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ቁጥሩ ስንት ነው? ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ይህን መጽሐፍ ሲተርከው፣ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ነገር ከፊደል ወጥቶ ወደ ጓዳ ገባ። እንጀራ የምትጋግረው ሴትና የዩኒቨርስቲው ተማሪ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ እኩል መከራከር ቻሉ። ወጋየሁ ሽማግሌውንም ልጃገረዲቱንም ቄሱንም በአንድ ጉሮሮ ሲሆናቸው፣ ሌላ ተዋናይ አብሮት ያለ ይመስል ነበር። ስለ ስፖርትም አንድ ቃል፦ በ1980 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአዲስ አበባ ዚምባቡዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ፣ የጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ካልሰማው ሰው የሰማው ይበዛል።

የተቀመጠውን ቁልፍ አሁን እናንሣው። ያ አድማጭ ዘፈን ፈልጎ ሲቀመጥ መርዶ ይሰማል፤ ዜና ሲጠብቅ የእርሻ ምክር ይደርሰዋል፤ እግር ኳስ የሚወድ ወጣት ሳይወድ በግዱ የመጽሐፍ ትረካ ያዳምጣል። ዛሬ በአዲስ አበባ አየሩ ሰፊ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ የእሸቴ አሰፋን «መቆያ» የሰማ ሰው ትረካ ሞተ ሊል አይችልም። አንድ አፍ ብቻ የነበረበትን ዘመን የሚመኝ ካለ እኔ አብሬው አልቆምም። ግን ዛሬ እያንዳንዳችን የየራሳችን ቁልፍ አዟሪ ስለ ሆንን፣ የማንፈልገው ነገር ወደ ጆሯችን የሚገባበት በር ጠቧል። የወጋየሁን ትረካ እንኳ ከስልክ ላይ አውጥተን፣ የማይጥመንን ምዕራፍ በጣት ገፍተን እናልፈዋለን።

ያልመረጡትን የሚሰሙበት ቦታ የቀረ ቢኖር ታክሲ ነው። ከፒያሳ ተሳፍረው ወደ መርካቶ ሲወርዱ፣ ሾፌሩ የአውሮፓ እግር ኳስ ትንታኔ ከከፈተ ትንታኔ፣ መዝሙር ከከፈተ መዝሙር ይሰማሉ። «እባክህ ወንድሜ፣ ጣቢያውን ቀይርልን» ቢሉት ደግሞ መቀየር አለመቀየሩ የርሱ ፈንታ ነው።