ገብስ ሆድዎን ይነፋዎታል?

«ዶክተር፣ በሶና ምስር ሆዴን ይነፋኛል፣ ልተወው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይተዉት፣ ቀስ ብለው ይልመዱት!

በገብስ፣ በምስርና በሽንኩርት ውስጥ ሰውነታችን የማይፈጨው ፋይበር አለ። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል። ሲያብላሉት ጋዝ ይወጣል፤ የሚነፋዎትም ለዚህ ነው። ግን ቡቲሬት የሚባል አሲድም ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች 70 በመቶ ያህል ጉልበት የሚያገኙት ከእሱ ነው። በአይጦች ላይ እንደታየው፣ ፋይበር ሲጠፋ ባክቴሪያዎቹ አንጀትን የሚጠብቀውን ንፍጥ መብላት ይጀምራሉ።

✅ በትንሹ ጀምረው በየሳምንቱ ይጨምሩ።
✅ ውሃ በደንብ ይጠጡ።
⚠️ ሰገራ ላይ ደም፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ ወይም ያለምክንያት መክሳት ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ።

ለሚነፋው ወዳጅዎ ሼር ያድርጉ 🙏