ጣናን ቀስ ብሎ ማየት

ከጉና ተራራ የሚነሣው ርብ የእብናትንና የፋርጣን አገር እያካለለ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይረጋና ደለሉን እያራገፈ ጣና ይገባል። ወንዙ የኛው የደቡብ ጎንደሮች ሆኖ ሳለ ሐይቁን ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ባሕር ዳር ለጉዳይ ወርደን፣ ዳር ላይ ቁጭ ብለን አሳ በልተን ስንመለስ ነው። ጣና ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይገባዋል። ለጓደኛሞች ዕረፍት ከጀልባ ጉዞው የሚሻል ነገር በአካባቢያችን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱም የጥልቀቱ ማነስም ለነፋስ ያጋልጡታል። ጠዋት ጸጥ ያለው ውሃ ከቀትር በኋላ ይናወጣል፤ ስለዚህ ባለጀልባዎች በማለዳ መነሣት ይወዳሉ።

በዝግታ መጓዝን የሚያውቅበት ግን ታንኳው ነው። ረግረግ ላይ የሚበቅለው ደንገል ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ እየታሰረ በገመድ ይጠፈራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ምስማር የሚባል ነገር አይነካውም። ቀዛፊው ውስጡ በተነጠፈው ደንገል ላይ ተቀምጦ ረጅም ዘንጉን ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ይቀዝፋል። ውሃ በነዶዎቹ መካከል ሽቅብ ቢገባም ታንኳው አይሰጥምም፤ የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነውና። እየራሰ ስለሚከብድ ግን ከጉዞ መልስ ዳር ላይ ቆሞ ይደርቃል፤ ዕድሜውም ከጥቂት ወራት አያልፍም። የዚህ ሙያ ባለቤቶች የሐይቁ ዳር ነዋሪዎቹ ወይጦዎች ናቸው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ተሸክሞ የሚመጣውም ይኸው ታንኳ ነው።

ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ማቋረጥ እንደሚቻል ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች ግብፅ ውስጥ የሠሩለት «ራ» መዳረሻው ሳይደርስ ተበታተነ። በዓመቱ የቦሊቪያ አይማራዎች የሠሩት «ራ ሁለት» ግን ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ። የኛ አገር ደንገል ያንን ሁሉ ውሃ መቻሉ ያኮራኛል።

ለሽርሽር የሚከራየው ግን ታንኳው ሳይሆን ባለሞተር ጀልባ ነው። ብዙ ሰው ዘጌ ደርሶ፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች አይቶ፣ በቡናው ጥላ ሥር አልፎ ለምሳ ይመለሳል። ጥሩ ነው፤ ግን ይቸኩላል። ለረጅም ዘመን በየሳምንቱ ከባሕር ዳር ጎርጎራ ይመላለስ የነበረው መርከብ ደቅ ደሴትን ነክቶ፣ ቁንዝላ አድሮ፣ በማግስቱ ጎርጎራ ይገባ ነበር። የኔ ምርጫ ይህ መንገድ ነው። ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ከደቅ አጠገብ ባለችው በዳጋ እስጢፋኖስ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ ዐፅም ይገኛል። በምሥራቁ፣ በኛው በደቡብ ጎንደር በኩል ደግሞ ጣና ቂርቆስ አለ፤ ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያ እንደቆየች አባቶች ይናገራሉ።

ሴትና ወንድ አብራችሁ ከሆናችሁ መንገዱን አስቀድማችሁ ተመካከሩበት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ ሴት አያስገቡም፤ ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ግን የሴቶች ገዳም ነው፣ ሁሉንም ይቀበላል። ነጠላ ያዙ፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ኪራዩን የምትዋዋሉት ለጀልባው ስለሆነ በዛ ብሎ መሄድ ያዋጣል። ከእብናት ከመውረዳችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፤ ከባለጀልባው ጋር ስትነጋገሩም ከዋጋው በፊት የመመለሻውን ሰዓት ቁረጡ፤ ነፋስ ይነሣል ካላችሁ አትከራከሩት፣ እዚያው እደሩ።