የወንዶች ፀጉር ለምን ይሸሻል? መድኃኒትስ አለው?



በጁሙዓ ቀን ውዱእ ማድረጊያው ዘንድ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ራሱን የሚያብስበት ተራ ሲደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ኮፍያውን ቶሎ አንስቶ ቶሎ የሚደፋ ወጣት አታጡም። ዕድሜው ገና 25 ዓመት ቢሆን ነው። ፀጉሩ በግንባሩ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ አናቱም ሳስቷል። እናቱ «ልጄ፣ ኒካህህን መቼ ነው የምናየው?» ሲሉት «ትንሽ ልቆይ» ይላል፤ ለምን እንደሚቆይ ግን አይናገርም። ያጠራቀማትን ገንዘብ ደግሞ ምንነቱ በማይታወቅ ቅባት ይጨርሳል።

ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለው ወንድማችንና ለቤተሰቡ የተዘጋጀ ነው። ዋናው መልእክቱም አንድ ነው፦ ከመድኃኒቱ በፊት ምክንያቱን እንወቅ።

ፀጉር እንዴት ያድጋል?

በሰው ራስ ላይ በአማካይ 100,000 ያህል ፀጉር ይገኛል። እያንዳንዱ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያም 3 ወር ያህል አርፎ ይረግፋል፤ በቦታው ሌላ ይተካል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ የሚያስደነግጥ አይደለም። በሐጅ ወይም በዑምራ ራሱን የተላጨ ሰው ፀጉሩ በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል እያደገ የሚመለሰው ምላጩ ሥሩን ስለማይነካ ነው። በዚሁ ምክንያት መላጨት ፀጉርን አያበዛም፤ አያሳሳምም።

ታዲያ በራነት ከየት ይመጣል?

በአብዛኞቹ ወንዶች ላይ የሚታየው በራነት በዘር የሚወረስ ነው። ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ወደ ሌላ ሆርሞን፣ ማለትም ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ይለወጣል። ይህ ሆርሞን በግንባርና በአናት ላይ ያሉትን የፀጉር ሥሮች ቀስ በቀስ ያኮስሳቸዋል። ፀጉሩ በተተካ ቁጥር እየቀጠነና እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ለዓይን የማይታይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1942 ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች በዚህ ዓይነት በራ እንደማይሆኑ ጽፏል። በቤተሰባቸው በራነት ያለባቸው ግን ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ፀጉራቸው መሸሽ ጀመረ።

እዚህ ላይ ሦስት የተሳሳቱ አባባሎችን እናርም። አንደኛ፣ በራነት የሚወረሰው ከእናት ወገን ብቻ አይደለም፤ ከአባትም ይመጣል። ሁለተኛ፣ በራ ሰው ሆርሞኑ ከሌላው የበዛ ሳይሆን የፀጉሩ ሥሮች ለሆርሞኑ ስሱዎች የሆኑበት ነው። ሦስተኛ፣ ኮፍያ ማድረግም ሆነ ዘወትር ራስን በውሃ ማበስ በራ አያደርግም።

ሁሉም የፀጉር መርገፍ ግን በራነት አይደለም። ፀጉሩ በድንገት እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ከተነሳ ላሽ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። በልጆች ላይ ፀጉሩ እየተቆረጠ ቅርፊት ካበጀ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከልጅ ወደ ልጅ የሚጋባ ስለሆነ በሐኪም በታዘዘ የሚዋጥ መድኃኒት ይታከማል። እንደ ታይፎይድ ያለ ከባድ ትኩሳት ካለፈ ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላም ፀጉር በብዛት ይረግፋል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። የብረት እጥረትና የታይሮይድ እጢ ሕመምም ፀጉርን ያረግፋሉ። እነዚህን የሚለየው የቆዳ ሐኪም ነው።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

ለዘር በራነት ጥቅማቸው በጥናት የተረጋገጠላቸው መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው። አንዱ ሚኖክሲዲል ነው። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ ሕሙማኑ ፀጉር ሲያበቅሉ በመታየቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለራስ ቆዳ የሚቀባ ሆኖ ተፈቀደ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ጨምሮ ሊረግፍ ይችላል። ውጤቱ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ወር በኋላ ሲሆን፣ ካቆሙት የተገኘው ፀጉር በወራት ውስጥ ተመልሶ ይሄዳል።

ሁለተኛው ፊናስተራይድ የተባለው ክኒን ነው፤ ለዚሁ ሕክምና በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የሆርሞኑን ለውጥ ስለሚያግድ መርገፉን ይገታል። ሆኖም በጥቂት ወንዶች ላይ የግብረ ሥጋ ፍላጎትን ሊቀንስ፣ የመንፈስ ጭንቀትም ሊያስከትል ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። ነፍሰ ጡር ሚስት በቤት ውስጥ ካለች የተሰበረውን ወይም የተፈጨውን ክኒን በእጇ መንካት የለባትም፤ በወንድ ፅንስ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና።

ሦስተኛው ከማጅራት በላይና ከጎን ያለውን፣ ለሆርሞኑ የማይበገረውን ፀጉር ወስዶ በሳሳው ቦታ መትከል ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ያልተተከለው የቀድሞ ፀጉርም መሸሹን አያቆምም።

የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የጉሎ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትስ? ዘይቶቹ ፀጉርን ያለሰልሱ ይሆናል እንጂ የዘር በራነትን እንደሚመልሱ አልተረጋገጠም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። «በአንድ ወር ፀጉር እናበቅላለን» ከሚል ሻጭ ኪሳችሁን ጠብቁ።

ከሃይማኖት አንፃርስ?

መታከም በእስልምና የተወደደ ነው። የሌላ ሰው ፀጉር መቀጠል ግን በሐዲስ ተከልክሏል። የራስን ፀጉር ከቦታ ቦታ መትከልን በተመለከተ ብዙ የዘመናችን ዑለማእ የጠፋውን መመለስ እንጂ የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይደለም በማለት ፈቅደዋል፤ የሚያደርገው ሰው አስቀድሞ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የሦስቱን የበኒ ኢስራኢል ሰዎች ታሪክ እናስታውስ። ከእነርሱ አንዱ ራሱ የተመለጠና ሰዎች የሚጸየፉት ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ያማረ ፀጉርና ሀብት ሰጠው። ኋላ መልአኩ በችግረኛ ተመስሎ ሲለምነው ግን ነፈገው፤ ኒዕማውንም ካደ። ፀጉሩ ተመለሰለት፤ ፈተናውን ግን ወደቀ። በሌላ በኩል ዑመር ኢብኑል ኸጧብና ዓልይ ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ፀጉራቸው ከግንባራቸው የሸሸ እንደነበር ተዘግቧል። ይህ ከክብራቸው ምን ቀነሰ?

ስለዚህ ወንድማችን ሆይ! መታከም ከፈለግህ ሥሩ ሳይጠፋ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ካልፈለግህም ፀጉርህን አሳጥረህ ኮፍያህን በነፃነት አውልቅ። ኒካህህን ግን ለፀጉር ብለህ አታዘግይ። እናንተም ወላጆችና ጓደኞች «መላጣ» እያላችሁ አትቀልዱበት፤ ለእናንተ ቀልድ የሆነው እርሱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ነው።

ወላሁ አዕለም።