እንግዳው ተማሪ በርዎን ሲያንኳኳ

አፍንጮ በር የሚኖሩ ከሆነ ጉዳዩ ለእርስዎ ሩቅ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ስድስት ኪሎ ጎረቤትዎ ነውና። ደብተር የያዘ ወጣት በርዎን አንኳኩቶ፣ «እዚህ ግቢ ስንት ሰው ይኖራል? መጸዳጃ ቤቱን ስንት አባወራ ይጠቀምበታል?» ቢልዎት ምን ይሰማዎታል? ከባሕር ማዶ ለሦስት ሳምንት የመጣ ቢሆንስ?

የጤና ተማሪን ወደ ሕዝብ መላክ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ያስተምር ነበር። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት በየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ዓመት ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹ በመምህርነት። ልብ ይበሉ፣ አንድ ዓመት ሙሉ!

የሦስት ሳምንቱ እንግዳ ግን «ጤና ይስጥልኝ» ማለት ሲለምድ መመለሻው ይደርሳል። ከሚሰጠው የሚማረው ይበልጣል። መማሩ ነውር የለውም፤ ነውሩ «ልረዳችሁ መጣሁ» ብሎ በአገሩ የማይፈቀድለትን ሕክምና እዚህ መሞከሩ ነው። የሰው ገላ እዚህም እዚያም አንድ ነው።

በከተሞቻችን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጤና ኤክስቴንሽን የተሰማሩ ነርሶች ቤት ለቤት ይሄዳሉ። የትኛው ቤት የምታስል እናት እንዳለች፣ የትኛው ሕፃን ክትባት እንደቀረበት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። እንግዳው ከእነርሱ ኋላ ቢከተል መልካም ነው።

እርስዎም ቡናው እስኪፈላ «ልጄ፣ ማን ላከህ? የጻፍከውንስ ለማን ታስረክባለህ?» ብለው ይጠይቁት። ለሰፈሩ ጤና ጣቢያ የማያደርሰው ከሆነ፣ ቡናውን አጠጥተው መልሱን ቢነፍጉት የሚወቅስዎ የለም።