በቱበርኩሊን ተመርምሮ ነገሩ ሳይለይ ስለ ቀረ ከብት

የከብት ሐኪም መጥቶ ከብትን በቱበርኩሊን በመረመረ ጊዜ ከሦስት ቀን በኋላ የሚሰጠው ቃል ሁልጊዜ «ታማለች» ወይም «ደኅና ናት» የሚል አይደለም። አንዳንድ ጊዜ በመዝገቡ ላይ «አጠራጣሪ» የሚል ቃል ይጻፋል። ይህም ቃል ባለ ከብቱንም የወረዳውንም ሹም ያስጨንቃል፤ ታማለች የተባለችውን መለየት፣ ደኅና የተባለችውንም መተው እንዲገባ ሁሉም ያውቃልና፤ በመካከል የቀረችውን ግን ምን እንደሚያደርጋት የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ሁለት ስሕተት ሲሠራ ይታያል። አንደኛው በፍርሃት ወዲያው ማረድ ነው፤ ሁለተኛውና የሚከፋው ግን ወሬው ሳይሰማ ላሚቱን ቶሎ ወደ ገበያ አውጥቶ ለማያውቅ ሰው መሸጥ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

የከብት ነቀርሳ፣ ዛሬ በተለምዶ ቲቢ የሚባለው፣ እንደ ደስታ በሽታ በግልጥ የሚገድል አይደለም። ደስታ በሽታ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የአገራችንን ከብት በፈጀ ጊዜ በሽታው በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚገድል ሹሙም ገበሬውም በዓይኑ አይቶት ነበር። ነቀርሳ ግን በሳንባና በንፍፊት ውስጥ ተሰውሮ ብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ ላሚቱም እየበላች፣ እየወለደች፣ እየታለበች በትንፋሽዋ ጎረቤቶችዋን ትበክላለች። መክሳትና ማሳል የሚታየው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ነው። በዐይን የማይታየውን ለማወቅ ምርመራ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

በሽታው በአገራችን በሁሉ ስፍራ እኩል አይደለም። በገጠር በሜዳ ውሎ በሚያድረው የአገር ከብት ዘንድ ጥቂት ሲሆን፣ በከተሞችና በከተሞች ዙሪያ በጋጣ ተዘግተው በሚቀለቡት የፈረንጅ ላሞችና ዲቃሎች ዘንድ ግን እጅግ በዝቷል። በመካከለኛው ኢትዮጵያ በ88 የወተት ከብት እርባታዎች 2,956 ከብቶች ተመርምረው በ2005 ዓ.ም. በታተመው ጥናት፣ ከተመረመሩት ከብቶች ከመቶ 30 ያህሉ፣ ከእርባታዎቹም ግማሾቹ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ይህ ቁጥር ትንሽ አይደለም። ከእነዚህ እርባታዎች የሚወጡት ጊደሮችና ወይፈኖች ዘር ለማሻሻል እየተባሉ ወደ ሩቅ አውራጃ ይወሰዳሉና፣ አንዲት አጠራጣሪ ጊደር በወረዳው ውስጥ ያልነበረውን በሽታ ልትተክል ትችላለች።

አሁን ስለ ምርመራው እንናገር። ቱበርኩሊን የሚባለውን መድኃኒት በመጀመሪያ የሠራው ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ይህ ሰው የነቀርሳን ባሲል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 አገኘ፤ ቱበርኩሊንንም በ1890 ፈዋሽ መስሎት አወጣው። መድኃኒቱ ሳይፈውስ ቀረ፤ በሽታን ለመግለጥ ግን ጠቀመ። (ይኸው ታላቅ ሰው በ1901 የከብቱ ነቀርሳ ሰውን እምብዛም አይጎዳም ብሎ ነበር፤ እንግሊዞች በዚያው ዓመት ያቋቋሙት ኮሚሲዮን ግን ለብዙ ጊዜ መርምሮ በሽታው በወተት ወደ ሰው፣ ይልቁንም ወደ ሕፃናት እንደሚገባ አረጋገጠ።) ዛሬ የሚደረገው ምርመራ ሁለት ዓይነት ቱበርኩሊን ያሻዋል፤ አንዱ ከከብት ነቀርሳ፣ አንዱ ከወፎች ነቀርሳ የተወሰደ ነው። ሐኪሙ የላሚቱን አንገት በሁለት ስፍራ ላጭቶ የቆዳውን ውፍረት ካሊፐር በሚባል መለኪያ ይለካል፤ ከዚያም ከያንዳንዱ የአንድ ሚሊ ሊትር አሥረኛ ያህል በቆዳው ውስጥ ይወጋል። ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ እንደ ገና ይለካል። የወፎቹ የተወጋበት ምክንያት፣ በአፈርና በውሃ ውስጥ የነቀርሳ ዘመድ የሆኑ ብዙ የማይጎዱ ባክቴሪያዎች ስላሉ፣ እነርሱን የለመደ ከብት በከንቱ እንዳይኮነን ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር በግቢው ውስጥ ስድስት የወተት ላሞች ያሉት አንድ ሰው አለ እንበል። ከላሞቹ አንዲቱ በወፎቹ ቱበርኩሊን የተወጋችበት ቆዳዋ 7 ሚሊ ሜትር የነበረው 9 ሆነ፤ በከብቱ የተወጋችበት ደግሞ 8 የነበረው 13 ሆነ። የፊተኛው በ2፣ የኋለኛው በ5 ጨመረ፤ ልዩነቱ 3 ነው። በዓለም ዘንድ በተለመደው ሕግ ልዩነቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ቢሆን ታማለች ይባላል፤ ከ1 እስከ 4 ቢሆን አጠራጣሪ ነው፤ የከብቱ እብጠት ከወፎቹ ባይበልጥ ደግሞ ደኅና ናት ይባላል። ስለዚህ ይህች ላም አጠራጣሪ ናት።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሹሙ ሐኪሙን ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ በየትኛው ልክ ፈረድህ? ብሎ ነው። በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከብቶች ላይ ተደርጎ በ2000 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ልኩ ከ4 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል ከታመሙት የሚያመልጡት እንደሚያንሱ አሳይቷልና፣ ያችው የልደታ ላም በአንዱ ልክ አጠራጣሪ፣ በሌላው ልክ የታመመች ትሆናለች። ይህ ማለት ሐኪሙ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ልኩን ከፍ ያደረገ ደኅናውን ከብት ከመኰነን ይድናል፤ ዝቅ ያደረገ ደግሞ የታመመውን ከመልቀቅ ይድናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የመንጋው ጠባይ ነው። ከስድስቱ ላሞች ሁለቱ በግልጥ ታመው ቢገኙ፣ ሦስተኛይቱን አጠራጣሪ እንደ ታመመች መቍጠር ይገባል። አምስቱ ደኅና ሆነው፣ ከውጭም የገባ ከብት ሳይኖር፣ እርስዋ ብቻ አጠራጣሪ ብትሆን ግን ምክንያቱ የአፈር ባክቴሪያ ሊሆን ይችላልና ፍርዱ ይቆይላት።

በጣም አዲስ የሆነ በሽታም አጠራጣሪ ምልክት ይሰጣል፤ ከተያዘች ገና ጥቂት ሳምንት የሆናት ላም ሰውነትዋ አልነቃምና። እንዲሁም በወሊድዋ ሰሞን ያለች ላም፣ በጉበት ትል የተጎዳች ላም፣ ወይም በሽታው እጅግ ያደከማት ላም እብጠትዋ ከሚገባው ያንሳል። ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ በሽታው ስር ሰዶ ሊሞት የቀረበ ከብት ፈጽሞ ሳያብጥ ደኅና ተብሎ ማለፉ ነው። ደግሞም የሚያልባት ሰው ራሱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት እንደ ሆነ፣ የሰው ነቀርሳ ወደ ከብት መተላለፉ በአገራችን ተገኝቷልና፣ በሚያስል አላቢ ምክንያት ምርመራው ሊታወክ ይችላል። ስለዚህ ከላሚቱ ጋር ሰዎቹም ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ።

ሁለተኛው ምርመራ በማግሥቱ ወይም በሳምንቱ ሊደረግ አይቻልም። ቱበርኩሊን አንድ ጊዜ የተወጋ ከብት ለጊዜው ሰውነቱ ይደነዝዛል፤ በዚያ ወራት እንደ ገና ቢወጋ የታመመውም ያላበጠ መስሎ ይታያል። ቢያንስ 42 ቀን ማለፍ አለበት፤ ብዙዎች አገሮች 60 ቀን ይጠብቃሉ። ይህን የሚያውቁ ተንኰለኞች ነጋዴዎች ሐኪም ከመምጣቱ በፊት በስውር ቱበርኩሊን እየወጉ የታመመውን ከብት ያሳልፋሉ የሚባለው በሌላ አገር ነው፤ የመዝገቡ ቀን በጥንቃቄ መጻፍ ያለበት ግን በኛም ዘንድ ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 13 ካህኑ በሰው ቆዳ ላይ የለምጽ ምልክት አይቶ ነገሩ ባልለየለት ጊዜ ያደረገውን አንባብያን ያስታውሳሉ። ወዲያው ርኵስ ነው አላለውም፤ ነጻ ነው ብሎም አልለቀቀውም፤ ሰባት ቀን ለይቶ አስቀመጠው፤ በሰባተኛውም ቀን አይቶት ገና ያልለየ ቢሆን ሌላ ሰባት ቀን ጨመረበት። እኛም በከብቱ የምናደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ቀኑ ብቻ ረዘመ።

በእነዚህ 60 ቀኖች አጠራጣሪዋ ላም ለብቻዋ ትቁም። ለብቻ ማለት በዚያው ጋጣ በገመድ ማራቅ አይደለም፤ በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋልና ትንፋሽዋ ከሌሎቹ የማይደርስበት፣ ገንዳዋም ባልዲዋም የተለየ ይሁን። በልደታና በመሰሉት ሰፈሮች ግቢው ጠባብ፣ ጋጣውም ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ስለሚሆን ይህ እንደሚቸግር እናውቃለን፤ ሌላ ስፍራ ባይገኝ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኘው በግቢው ጥግ ዳስ መሥራት ከጨለማው ጋጣ ይሻላል፤ ፀሐይ ባሲሉን ትገድለዋለችና። በመጨረሻ ትታለብ፤ ወተትዋም ከሌሎቹ ወተት ጋር አይቀላቀል፤ ሳይፈላም ለሰው አይሰጥ። እርጎ ሆኗልና አይጎዳም የሚሉ አሉ፤ መርጋቱ ባሲሉን ለመግደል የሚታመን አይደለም። ጥጃዋም ጥሬውን አይጥባ። ከሁሉ በላይ ግን ከግቢው እንዳትወጣ፤ አትሸጥ፣ ለጥቃት አትወሰድ፣ ከጎረቤት ከብት ጋር ውሃ አትጠጣ።

በሁለተኛው ምርመራ ደኅና ከተባለች ወደ መንጋው ትመለሳለች። ታማለች ከተባለች ነገሩ ተለየ። እንደ ገና አጠራጣሪ ብትሆን ግን ለሦስተኛ ጊዜ መጠበቅ የለም፤ ሁለት ጊዜ ደኅና ያልተባለችውን እንደ ታመመች መቍጠር የዓለም የከብት ሐኪሞች የተስማሙበት ሥርዓት ነው። ባለ ከብቱ ለብዙ ወር ስለ ቀለባት ሊያዝን ይችላል፤ ቢሆንም ቅሉ ቀሪዎቹን አምስት ላሞች ያስብ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ከባዱ ነገር ነው። ብዙዎች ሀብታሞች አገሮች የታመመውን ከብት ገዝተው ያሳርዳሉ፤ አሜሪካ ይህን ሥራ በ1917 ጀመረች። በአገራችን ለባለ ከብቱ ሁሉ ካሳ እየከፈለ የሚያሳርድ ሥርዓት ስለሌለ፣ ሹሙ በትእዛዝ ብቻ እረዱ ቢል ባለ ከብቱ ላሚቱን በሌሊት ነድቶ ወደ ሌላ ወረዳ ያሻግራታል፤ በሽታውም በሹሙ ትእዛዝ ተስፋፋ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው አገር የሚስማማውን መንገድ ያሳየው በርንሃርድ ባንግ የተባለው የዴንማርክ የከብት ሐኪም ነው። ከ1892 ግድም ጀምሮ እንዲህ አደረገ፦ መንጋውን በምርመራ ለሁለት ከፈለ፤ የታመሙትን ሳያርድ በሌላ በረት፣ በሌላ አላቢ አስቀመጣቸው፤ የሚወልዷቸውን ጥጆች ወዲያው ከእናቶቻቸው ለይቶ በሙቀት በተዘጋጀ ወተት አሳደጋቸው፤ ጥጆቹ ሲወለዱ አብዛኞቹ ደኅና ናቸውና። ደኅናውን መንጋ በየጊዜው እየመረመረ የታመመውን ያወጣ ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ የታመሙት አርጅተው ሲያልቁ ደኅናው መንጋ ተተካ። ይህ በኛ አገርም ተፈትኗል፤ በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ የወተት ከብት እርባታ ከብቶቹ እየተመረመሩና እየተለዩ አዲስ የሚያዙት ከምርመራ ወደ ምርመራ እጅግ እንደ ቀነሱ በ2000 ዓ.ም. ተጽፏል።

የታመመችውን በሰው መድኃኒት ለማከም የሚሞክሩ እንዳይኖሩ ይሁን፤ ሕክምናው ረጅም ነው፣ ፈውሱም አይታመንም፣ መድኃኒቱን የለመደ ባሲል ቢፈጠር ደግሞ ሰው የሚድንበትን ያሳጣል። ለእርድ የምትሄደው በቀጥታ ወደ ቄራ ትሂድ፤ በዚያም የሥጋ መርማሪው የጉሮሮዋንና የሳንባዋን ንፍፊቶች ከፍቶ ያየውን ለወረዳው ቢጽፍ፣ ምርመራው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ይታወቃል።

የወረዳው ሹም በጽሕፈት ቤቱ ሊያስቀምጠው የሚገባው መዝገብ ብዙ አይደለም። የከብቷ ምልክት ወይም የጆሮዋ ቁጥር፣ ከየት እንደ ተገዛች፣ የወለደችበት ቀን፣ ምርመራው የተደረገበት ቀን፣ ሁለቱ ልኮች ከመወጋቷ በፊትና በኋላ፣ የተፈረደበት ልክ 4 ነው ወይስ 2፣ ሁለተኛው ምርመራ የሚውልበት ቀን። ልኮቹ በቁጥር ካልተጻፉና «አጠራጣሪ» የሚል ቃል ብቻ ከተጻፈ፣ በ60ኛው ቀን የሚመጣው ሌላ ሐኪም የፊተኛውን ከኋለኛው ጋር የሚያስተያይበት አያገኝም።